የኩርሙክን መስመር የዘጋሁ ዕለት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አሶሳ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ለምን እንደሄድኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ልሰናበታቸው ብዬ» እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤት መቀመጡ አልሆነልኝም። የመናኸሪያው ልጆች አሁን ትኬት የሚቆርጡት በስልክ ነው። ግፊያው ቀርቷል፣ እጅ እየጎተተ «ሞላ፣ ሞላ» የሚለውም የለም። አንዷ ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና «እትዬ ዘሐራ፣ እናንተ ድሮ በምን ነበር የምትሠሩት?» አለችኝ። «በጠመኔ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጠመኔ ይዤ፣ የመኪና ተራ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ስም ሳይወጣለት በቁጥር ብቻ በሚጠራ አምባ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ የመጀመሪያ ምድቤም ግልገል በለስ ሆነ። የዚያ አለቃዬ ሴት ከሾፌር ጋር መነጋገር አትችልም የሚል ሰው ስለነበር ማኅተም ስመታ አዋለኝ፣ ስመታ አከረመኝ። አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ሄዶ ሳለ ሁለት ሾፌሮች በተራ ተጣሉና ድንጋይ አነሱ። መሐላቸው ገባሁ፣ የሁለቱንም ቁልፍ ተቀበልኩ፣ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩና ምሳዬን መብላት ጀመርኩ። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲያ ማኅተሙን ሌላ ሰው መታው። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ እሱን ማንሳት አያስፈልግም።

አሶሳ ስዛወር የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ፈይሳ ነበሩ። የወለጋ ሰው ናቸው፣ ጴንጤ፣ ረጅም፣ ቀጭን፤ የደረት ኪሳቸው በጠመኔ ዱቄት ሁልጊዜ እንደነጣ ነው። ሲናደዱ አይጮሁም፣ በአፍንጫቸው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ሾፌሮቹ የመዝሙሩን ዓይነት ስለሚያውቁት «ዛሬ ጋሼ ያንን መዝሙር ጀምረዋል፣ ራቅ በል» ይባባሉ ነበር።

የስምሪት ሥራ መኪና መላክ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ መቀበል አስተማሩኝ። መኪና ሲገባ ሾፌሩን ሰላም ሳይሉ ወደ ጎማው ይሄዳሉ። መዳፋቸውን ቸርኬው አጠገብ፣ ሳያስነኩ፣ ይዘረጋሉ። አራቱንም ይዞራሉ። አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ከቀዘቀዘ በዚያ በኩል ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው፤ ሁሉም ከጋሉ ደግሞ ሾፌሩ ቁልቁለቱን በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ነው የወረደው። ከዚያ ባሌስትራውን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ስለ መንገዱ የሚጠይቁት ግን ተሳፋሪውን ነው። «ሾፌር ስለ መንገዱ አይዋሽም፣ ስለ ራሱ ነው የሚዋሸው፤ ተሳፋሪ ግን የት ወርዶ እንደገፋ አይረሳም» ይሉ ነበር። እኔም እስክወጣ ድረስ እንደዚያው ሠራሁ። መዳፌ አሁንም የቆመ መኪና ባየ ቁጥር ይዘረጋል፣ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ስለ መስመር ድልድሉ ካልተናገርኩ ደግሞ የኋላው አይገባም። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የሚወስደው መስመር አስፋልት ነው፣ ተሳፋሪው ብዙ፣ ጎማው አይጎዳ። ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው ግን ድንጋይና አቧራ ነው፣ ክረምት ደግሞ ጭቃ። ጋሽ ፈይሳ ሁለቱን የሚደለድሉት እንደ ቅርጫ ነበር። በሬ ታርዶ መደብ ሲወጣ አንዱ መደብ ሥጋ ብቻ፣ ሌላው አጥንት ብቻ አይሆንም፤ ከሁሉም ከሁሉም ተደርጎ ነው ዕጣ የሚጣለው። በእሳቸውም ድልድል ባምባሲ የሄደ መኪና ኩርሙክን ሳይሄድ እንደገና ባምባሲ አይወጣም ነበር። አንዱ ሾፌር «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አጥንቱን ለሌላ ስጡልኝ» ሲላቸው ትዝ ይለኛል። «ቅርጫ ገብተህ ምላሱን ብቻ ይዘህ ልትሄድ ነው እንዴ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም እየሳቀ ሄደ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ሥራ ነበራቸው። በኩርሙክ መንገድ ላይ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ወንዝ አለ፣ የአገሩ ሰው ኮር ይለዋል። በጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክረምት ሲሞላ ግን ቀልድ የለም። ጋሽ ፈይሳ በወቅቱ የመጀመሪያ ጉዞ ላይ ራሳቸው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሄደው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ከዚያ በኩል የመጣውን እየጠየቁ፣ ኮሩ ሞልቷል ካላቸው የኩርሙክን መስመር ከሰሌዳው ላይ በእጃቸው ያብሱታል። አለቀ፣ መስመሩ ተዘጋ። ሾፌሩ ይነጫነጫል፣ ተሳፋሪው ያማርራል፣ ግን ማንም አይሄድም። የሾፌሩ ተራም አይቃጠልም፤ ኮሩ ሲጎድል መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

ያ ዘመን ገነት ነበር ብዬ አልዋሽም። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠመኔው የማን እጅ እንደገባ አይቻለሁ። ለተጋበዘ ምሳ ብሎ ተራ የሚያቀዳድም መጣ። አንድ ሐሙስ የቀረው መኪና «ተራዬ ነው» እያለ ሰው ጭኖ መንገድ ላይ ይቆም ነበር፤ ተሳፋሪው ሌላ ልምረጥ ቢል አይችልም። የሚሰደበውም ተሳፋሪው፣ የሚከፍለውም ተሳፋሪው። ስለዚህ ማሻሻያ ይመጣል ሲባል ከተደሰቱት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ማሻሻያውን ይዞ የመጣው አዲሱ ኃላፊያችን ብርሃኑ ነው። ወጣት፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ሥራ የሚወድ፣ ሰው የማይንቅ። ወድጄው ነበር፣ አሁንም አልጠላውም። አዳራሽ ሰብስቦ አስረዳን። መናኸሪያው በኮንትራት ለግል አስተዳዳሪ ይሰጣል። መስመሮቹ በጨረታ ይወጣሉ፤ ያሸነፈ መስመሩን ለብቻው ይዞ በሰዓቱ ይሠራል፣ ተራ የሚባል ነገር ይቀራል። ለመንገድ ጥገናውም ተቋራጭ ይቀጠራል፣ የሚከፈለውም ላፈሰሰው ገረጋንቲ ሳይሆን መንገዱ ክፍት ሆኖ ለዋለበት ቀን ነው። ሁሉም ለሠራው ይከፈለዋል፣ ላልሠራው አይከፈለውም። ይሄ ምን ይወጣለታል?

መስመሮቹን ለጨረታ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ይውጣ ሲባል እጄን አነሳሁ። «ኩርሙክን ከባምባሲ ጋር አስረን እናውጣው። አጥንት ለብቻው መደብ አይሆንም» አልኩ። ብርሃኑ በትዕግሥት ሰማኝ።

«እትዬ ዘሐራ፣ አብረን ካሰርነው ሊወዳደር የሚችለው ብዙ መኪና ያለው ሀብታም ብቻ ነው። አንድ መኪና ያለው ሰው ገና ከበር ይመለሳል። ለየብቻ ካወጣነው ትንሹም ይገባል። ማንም ያልፈለገውን መስመር ደግሞ መንግሥት ይደጉመዋል። እስከ ዛሬም እኮ ድጎማ ነበር፣ ግን ሾፌሩ ጀርባ ላይ ነበር የተጫነው፤ አሁን በግልጽ ይሆናል» አለኝ።

የተናገረው ነገር እውነት ነው። እጅ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ ለየብቻው ይውጣ ተባለ።

ጨረታው ሲወጣ ለባምባሲ መስመር ሰው ተጋፋ፤ በመጨረሻ ብዙ መኪና ያለው አንድ ድርጅት ወሰደው። ለኩርሙክ ግን ማንም አልመጣም። ድጋሚ ወጣ፣ አሁንም ዝም። ብርሃኑ ቢሮዬ መጥቶ «እባክሽ አንድ ሰው ፈልጊ፣ ሾፌሮቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። አንድ ሰው ነበር የታየኝ።

እድሪስ የሆሞሻ ልጅ ነው፣ ብሔሩ በርታ፣ የኩርሙክን መንገድ ጡት ከጣለ ጀምሮ የሚያውቅ። አንድ ቅጥቅጥ አለችው። ቅጥቅጥ የምንለው ያችን መካከለኛ አውቶቡስ ነው። እሷን ለመግዛት እናቱ ከብት ሸጠዋል፣ ወንድሞቹ ወንዝ ለወንዝ ወርቅ አጥበዋል፤ ከዚያች መኪና ሌላ ቤተሰቡ ምንም የለውም። አማርኛው የገበያ ነው፣ ሴትና ወንድ አይለይም፣ እኔን ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። በኋላ ግን እሱ ሲለኝ ጣፈጠኝ።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት፤ ድጎማውን፣ ሰዓቱን፣ አንድ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ካቋረጠ ውሉ እንደሚፈርስ።

«በጋ ቀላል ነው» አለኝ። «ክረምት ሲመጣስ? ኮር ሲሞላ ማን ይዘጋል?»

«ክረምት ሲመጣ እኔ አለሁ» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝና «አንተ ካልክ እሄዳለሁ» አለ። በማግስቱ ፈረመ። እንግዲህ ቃሌን የሰጠሁት በዚህ አፌ ነው።

በጋው እንደ ማር አለፈ። እድሪስ በሰዓቱ ይወጣል፣ በሰዓቱ ይገባል። የኩርሙክ ነጋዴ ሴቶች ጠዋት ተነስተው አሶሳ ገበያ ውለው ማታ ቤታቸው ማደር ጀመሩ፤ ይሄ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነው። ብርሃኑ ባገኘኝ ቁጥር «አላልኩሽም?» ይለኛል፣ እኔም «ብለኸኛል» እለዋለሁ። ከልቤ ነው። መንገዱም ተደለደለ፤ የጥገናው ተቋራጭ ለክፍት ቀን ስለሚከፈለው ጉድጓድ ሲያይ ዘሎ ይደፍናል። ድጎማው ብቻ ነበር የሚያሳስበኝ። «ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል» ይባላል፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። እድሪስ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ እንደ ጋሽ ፈይሳ ልማድ፣ ከእድሪስ አጠገብ ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ተሳፋሪው ሙሉ ነው። ፍራሹን ፖርቶ መጋላ ላይ ያስጫነ፣ ኩርሙክ የተመደበ አንድ ወጣት አስተማሪ ነበረ፤ መንገዱን ሙሉ «ስንት ሰዓት እንገባለን?» እያለ አነደደን። በዕለቱ ሪፖርት ካላደረገ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነግረውታል። ሆሞሻን አለፍን። ሰማዩ በላያችን ጠርቷል፣ ወደ ላይ ግን፣ ኮሩ በሚመጣበት በተራራው በኩል፣ ጠቁሮ ነበር።

ኮሩ ጋ ስንደርስ ውሃው አለ። ከዚህ የባሰ አይቻለሁ፣ ግን አለ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ከማዶ የእኛን መኪና የሚጠብቅ ሰው ተሰብስቧል፤ አንድ አባወራ ሕፃን በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፎ ወደ እኛ ያየናል። ወደ አሶሳ ሆስፒታል እንደሚሄድ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ሁላችንም ወረድን። እድሪስ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባና ተመለሰ። «ሥሩ ጠንካራ ነው፣ ያልፋል» አለ። እኔ ጋሽ ፈይሳ እንዳስተማሩኝ ከውሃው አፋፍ ላይ ጠጠር አስቀመጥኩና ቆሜ አየሁት። ውሃ እየጎደለ ከሆነ ጠጠሩ ከአፋፉ ይርቃል፤ እየጨመረ ከሆነ ውሃው ይውጠዋል። ዋጠው። ከፍ አድርጌ ሌላ አስቀመጥኩ፣ ቆየት ብሎ እሱንም ዋጠው።

«እየጨመረ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሁን ማለፍ ያለብኝ። ትንሽ ከቆየን አናልፍም።»

«ቅጥቅጧ ጎኗ ሰፊ ነው እድሪስ። ከታች ብታስይዝ ውሃው ከጎን ይገፋታል።»

«ካልሄድኩ ውል ይፈርሳል። አንተ ነገርከኝ፣ እኔ አልረሳም። አሁን ማን ይዘጋል? አንተ ትዘጋለህ?»

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር። ሰሌዳው የለም። በአዲሱ አሠራር መስመር የመዝጋት ሥልጣን የስምሪት ሠራተኛ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ደግሞ ማንም አላሰበበትም። ኔትወርክ እስካገኝ ዳገቱን ወጥቼ ለብርሃኑ ደወልኩ። ነገርኩት።

«እትዬ ዘሐራ፣ እኔ እዚህ ቢሮ ተቀምጬ እለፉ ማለት አልችልም፣ አትለፉ ማለትም አልችልም። ውሉ ኃላፊነቱን ለባለንብረቱ ነው የሚሰጠው» አለኝ።

«ባለንብረቱ ሊያልፍ ነው!»

«እንግዲህ…» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩ ይሁን እሱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስወርድ እድሪስ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነስቷል። አስተማሪው «እትዬ፣ ሰውየው አልፋለሁ እያለ እርስዎ ምን አገባዎት?» አለኝ። ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ከማዶ ያ አባወራ እጁን ያወዛውዛል። የመኪናው የፊት ጎማ ወደ ውሃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፣ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ኮፈኑ ላይ ሁለት እጄን ጫንኩ። የሞተሩ ሙቀት በመዳፌ ገባ።

«ዘጋሁ!» አልኩ። «መስመሩ ተዘግቷል። የዘጋሁት እኔ ነኝ!»

እድሪስ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

ሁላችንም ዳር ላይ ቁጭ ብለን ውሃው እንዲሞላ ጠበቅን። አዎ፣ እንዲሞላ። እንዲህ ማለት ያሳፍራል፣ ግን ልቤ የሚለምነው እሱን ነበር፤ ደራሽ ውሃ ይምጣና ሁሉም ሰው ይየው። ያ ረቢ፣ አምላኬ፣ ግንድ እያንከባለለ ይምጣ። አልመጣም። በምትኩ ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ረጅም፣ ከላይ በጆንያ ላይ ሰው ጭኗል። ሾፌሩ ቆም አለ፣ ውሃውን አየ፣ እኛን አየ፣ ገባ። መሐል ላይ ትንሽ ዘመም አለና ሁላችንም ተነሳን፤ ቀና ብሎ ወጣ። ከማዶ ሰዉ አጨበጨበ። ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ያንን አባወራ ከነሕፃኑ አሳፈረና አሶሳ አደረሰው። ሕፃኑ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። አስተማሪውም ቀድሞ፣ መኪናው ወደ ውሃው ሳይገባ፣ ከነፍራሹ ላዩ ወጥቶ ተሻግሯል። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየኝም።

እድሪስ መኪናው ሲሻገር ቆሞ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «እሱ ረጅም ነው» አለ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔም «ረጅም ነው» አልኩ። ቅጥቅጧ ብትገባ ኖሮ ታልፍ ነበር ወይስ አታልፍም? ስንት ሌሊት አሰብኩት። ዛሬም ብትጠይቁኝ ማለፏን አላውቅም፣ መወሰዷንም አላውቅም። ውሃው ጎድሎ ያለፍነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው።

ጉዳዩ ቢሮ ደረሰ። ውሉ ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል አንቀጽ አለ፤ ወንዝ መሙላት እዚያ ውስጥ ይገባል። ደስ አለኝ። ግን መንገዱ በዕለቱ የማይታለፍ እንደነበር ማረጋገጥ ያለበት የመንገዱ ጥገና ተቋራጭ ነው ተባለ። የተቋራጩ ሰው መጣ፣ ትሑት፣ ጨዋ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ።

«መንገዱ ክፍት ነበር» አለ። «በዕለቱ ተሽከርካሪ አልፏል።»

«አንተ መንገዱ ተዘግቶ ነበር ካልክ የዚያ ቀን ክፍያህ ይቀርብሃል፣ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ክፍያው ይቅር። ተሽከርካሪ አልፏል ወይስ አላለፈም?»

አልፏል። ምን እላለሁ? ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። «እኔ ዘግቼበት ነው የቆመው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም። እኔን ቅጡኝ።»

ብርሃኑ እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። ያን ቀን አርጅቶ ነው የታየኝ። «እትዬ ዘሐራ፣ አንቺ የመዝጋት ሥልጣን የለሽም፤ ስለዚህ መስመሩ አልተዘጋም። ዛሬ አንቺ በእውነት ዘጋሽ ብዬ ብቀበል ነገ ሌላው በጉቦ ይዘጋል። ያንን ለማስቀረት አይደለም እንዴ ይሄ ሁሉ የመጣው?» አለኝ።

ተናደድኩ፣ ተሳደብኩም። በኋላ ግን ሳስበው እሱም ልክ ነው፣ ተቋራጩም ልክ ነው፣ የጭነት መኪናው ሾፌርም አለፈ እንጂ ምን አጠፋ? ሁሉም ልክ ሆኖ የእድሪስ ውል ፈረሰ። ላይ ድረስ አቤት አልኩ፣ እስከ ክልል ቢሮ ሄድኩ፤ «እናየዋለን» አሉኝ፣ አላዩትም። ከሥራዬ ሁሉ የከሸፈብኝ ይሄ ነው። ቃል ሰጠሁት፣ ከሁሉም ፊት ቆሜለት፣ ምንም አላደረግኩለትም።

እሱም ከዚያ ወዲያ የሚገባበት አጣ። ድሮ ቢሆን ተራ ይይዝና ባምባሲ ይሄዳል። አሁን ባምባሲ ባለቤት አለው፣ ሌላውም መስመር ባለቤት አለው። ደህና መኪና፣ ደህና ሾፌር፣ መሄጃ የለም። ቅጥቅጧ ሆሞሻ ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ቆመች። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ሞተሩን አስነስቶ ያሞቀዋል፣ መልሶ ያጠፋዋል። ኋላ ጎማዋ ሲተነፍስ፣ ወንድሞቹም ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ ለባምባሲው ድርጅት ሸጣት። የኩርሙክ ሰው ዛሬም የሚሄደው በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ነው፤ ጨረታው በወጣ ቁጥር የሚገባበት የለም። ባለፈው ሁለቱን መስመር አስረው ሊያወጡ እያሰቡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይሁንላቸው፣ ይሻላል።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ልታገባ ሆነና ወደ ባምባሲ ልሄድ ተሳፈርኩ። መኪናዋ በድርጅቱ ቀለም ተቀብታ አላወቅኋትም፤ ጋቢናውን ስከፍት መሪው ላይ እድሪስ ተቀምጧል። መኪናዋን የገዛው ድርጅት በደመወዝ ቀጥሮታል። ተነስቶ እጄን ይዞ አሳፈረኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፤ ሞተዋል፣ አልሰማሁም ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱን እያየ ተናገረ።

«መኪናዬን ኮር ወስዶት ቢሆን፣ አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ እል ነበር። እናቴም እንደዚያ ይል ነበር። እስኪሞት ጠየቀኝ። ማን ወሰደው ይለኛል፣ መልስ የለኝም። አሁንም ሰው ይጠይቀኛል። ማን ወሰደው ልበል?»

ብርሃኑን ልበል፣ ተቋራጩን ልበል፣ ውሉን ልበል ብዬ አሰብኩ፤ አንዳቸውም ከአፌ አልወጣ አሉ።

«እኔን በል» አልኩት። «ዘሐራ ወሰደችው በል። ለሚጠይቅህ ሁሉ እንደዚያ በል።»

ማርሽ ቀየረ። ከፊታችን የነበረውን ባጃጅ አሳለፈ።

«አንተ አይደለህም» አለኝ። «አንተ አብረኸኝ ነበርክ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቅጥቅጧ ሙሉ ተሳፋሪ እያየኝ፣ ባምባሲ እስክንገባ ድረስ አለቀስኩ።